የ19 ደቂቃ መንገድ

ለአንድ መጽሐፍ ሦስት ኮከብ ሰጠሁና የእህቴ ልጅ አኮረፈችኝ። የዋዛ ኩርፊያ አይደለም። አራት ቀን ሙሉ በደወልኩ ቁጥር ስልኩን ለእናቷ እያቀበለች ትሄዳለች። በአምስተኛው ቀን አንድ መልእክት ላከችልኝ። "አክስቴ፣ በደንብ አላነበብሽውም" ይላል። ሌላ ምንም የለውም።

14 ዓመቷ ነው። መጽሐፉን እንዳነብ የጎተጎተችኝ እሷ ናት። የራሷን ቅጂ ለማንም አታውስም፣ ለኔም ጭምር፣ ስለዚህ ሌላ ገዛሁ። በሁለት ምሽት ጨረስኩት። የመሰለኝን ጻፍኩ፣ ሦስት ኮከብ አስቀመጥኩ፣ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ነገር ተበላሽቷል።

መጽሐፉ ለታዳጊዎች የተጻፈ የሕዋ ጀብዱ ነው፤ የአንድ ተከታታይ ታሪክ መጀመሪያ። ስሙን አልጠራም። ከዚህ በታች መጨረሻውን ጭምር ስለምዘረግፈው ገና ያላነበበ ሰው ላይ ታሪኩን ማበላሸት አልፈልግም።

ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው። የ15 ዓመት ልጅ አለች። እናቷ በማርስ ዙሪያ በሚዞር ጣቢያ ውስጥ ትሠራለች። ልጅቱ ከእናቷ ጋር ክፉኛ ትጣላለች፣ ቻው እንኳን ሳትላት በረዶ በሚያመላልስ የጭነት መንኮራኩር ተሳፍራ ትሄዳለች። መንገድ ላይ አደጋ ይደርሳል። አዋቂዎቹ አንድ በአንድ ከሥራ ውጭ ይሆናሉ፣ መንኮራኩሩን የሚነዱት አምስት ልጆች ብቻ ይቀራሉ። በመጨረሻው ገጽ ላይ የመንኮራኩሩ በር ከውጭ ይንኳኳል። አለቀ። ማን እንዳንኳኳ አይነገርም።

እኔ ሦስት ነገር ነበር ያነሳሁት። አንደኛ፣ የመጀመሪያዎቹ 60 ገጾች ይጎተታሉ። ሁለተኛ፣ ልጅቱ በስንት መከራ ለእናቷ መልእክት ልካ የእናቲቱ መልስ ከጥያቄው ጋር አይገናኝም፣ ደራሲው ተዘናግቷል። ሦስተኛ፣ መጨረሻው መጨረሻ አይደለም።

የእህቴ ልጅ መልእክት ከደረሰኝ በኋላ እውነት እኔ ብቻ ነኝ ወይ እንዲህ የተሰማኝ ብዬ የሌሎችን አስተያየት ማሳደድ ጀመርኩ። ጓደኞቼን ጠየቅኩ፣ የሥራ ባልደረቦቼን፣ የባልደረቦቼን ልጆች፣ አንባቢዎች የጻፉትንም አነበብኩ። አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ግን ስለዚህ ዓይነት መጽሐፍ ከዚያ በፊት ያላሰብኩትን አሳሰበኝ።

መጀመሪያ ስለ ኮከቡ አንድ ነገር ልበል። ብዙ አንባቢ መጽሐፍ በሚገመግምበት ድረ ገጽ፣ በጉድሪድስ ላይ ሁለት ኮከብ ማለት "ምንም አይልም" ነው፣ ሦስት ኮከብ ደግሞ "ወድጄዋለሁ" ነው። እኔ ያንን ይዤ ነው ሦስት የሰጠሁት። እሷ ግን እንደ ፈተና ነው ያሰላችው። ከአምስት ሦስት ማለት ከ100 60፤ የምትወደው መጽሐፍ ለጥቂት አለፈ ማለት ነው። ለካ የተጣላነው ገና ከቁጥሩ ጀምሮ ነው። የሌሎቹን ሰዎች ኮከብ ሳነብም ይሄን ሳስብ ነበር። አንዱ ሦስት ሰጥቶ ያመሰግናል፣ ሌላው አራት ሰጥቶ ይራገማል።

ወደ አስተያየቶቹ ስመጣ፣ ከሁሉም በላይ የሚናደደው መሐንዲሱ ጓደኛዬ ነው። ሁለት ኮከብ። ሌላ መርከብ ሲፈነዳ ልጆቹ ድምፁን ይሰማሉ። "ድምፅ እኮ አየር ይፈልጋል፣ በባዶ ሕዋ ውስጥ በምን ተሸክሞ ይደርሳል?" አለኝ። ልክ ነው። ከዚያ የባሰውን ነገረኝ። ከልጆቹ አንዱ የራስ ቁር ሳያደርግ በክፍት ሕዋ ውስጥ ለ40 ሰከንድ እየተንሳፈፈ ከአንድ በር ወደ ሌላ በር ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1966 ናሳ ውስጥ አየር በወጣለት ክፍል የጠፈር ልብስ ይሞክር የነበረ አንድ ሠራተኛ ቱቦው ተነቅሎበት ለ14 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው ራሱን ሳይስት የቆየው። ከመውደቁ በፊት የሚያስታውሰው ነገር ምላሱ ላይ ያለው ምራቅ መፍላት ሲጀምር ነው። ቶሎ አየር ስለለቀቁለት ተረፈ። 40 ሰከንድ ግን በራስ እግር፣ ያውም በር ከፍቶ፣ አይሆንም።

እኔ በዚህ ከጓደኛዬ ጋር ነኝ። አንዳንድ ሰው "የልጆች መጽሐፍ እኮ ነው፣ ምን ታካብዳላችሁ" ይላል። ይሄ አባባል ያናድደኛል። 14 ዓመት ማለት ሰው ያነበበውን የሚያምንበት፣ ከወደደው ነገር ተነስቶ ምን እንደሚማር የሚወስንበት ዕድሜ ነው። ለትልቅ ሰው የማንሸጠውን ውሸት ለልጅ ልንሸጥ አይገባም። ደግሞ እውነተኛው ነገር ከተፈጠረው ይበልጥ ያስፈራል። ምራቅ ምላስ ላይ ሲፈላ! የትኛው ደራሲ ነው ይሄን ያህል የሚፈጥረው?

ሁለተኛው ቅሬታ የዕድሜ ጉዳይ ነው። "ለ15 ዓመት ልጅ መንኮራኩር የሚሰጥ ማነው?" የሚል ብዙ ነው፣ በተለይ ከወላጆች። እስከ ዛሬ ምድርን ከዞሩ ሰዎች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ጌርማን ቲቶቭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1961 ሲወጣ 25 ዓመቱ ነበር። ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ በ1963 ብቻዋን ሦስት ቀን ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ስትዞር 26 ዓመቷ ነው። በ2021 አንድ የ18 ዓመት ወጣት ወደ ሕዋ ወጥቷል፣ ግን ለ10 ደቂቃ ያህል ደርሶ መመለስ ነው። ስለዚህ 15 ዓመት ብዙ ሰው ቢከነክነው አልፈርድም። ግን እኮ መጽሐፉ ውስጥ ማንም አልሰጣቸውም። ወደቀባቸው። የዚህ ዓይነት ታሪክ ሁልጊዜ አዋቂዎቹን ከመንገድ ማንሳት አለበት፣ ካልሆነ ልጆቹ የሚሠሩት ነገር አይኖርም። ጥያቄው በምን ዘዴ ያነሳቸዋል ነው። እዚህ ጋ ደራሲው አልቸኮለም። አንዷ ትታመማለች፣ አንዱ ይጎዳል፣ አንዱ ደግሞ በፍርሃት ክፍሉን ቆልፎ አልወጣም ይላል። ይሄ ሦስተኛው ሰውዬ ከመጽሐፉ ሁሉ እውነተኛው አዋቂ መሰለኝ።

ስለ ቲቶቭ ካነሳሁ አይቀር፣ የመጀመሪያዎቹ 60 ገጾች ላይ ያለኝን ቅሬታ ያለሰለሰልኝ እሱ ነው። በነዚያ ገጾች አንዱ ልጅ ክብደት አልባ መሆን አልስማማ ብሎት ያስመልሰዋል፣ ይተኛል፣ ተነስቶ እንደገና ያስመልሰዋል። "ይሄ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል" ብዬ ነበር። ቲቶቭ ያኔ ምድርን 17 ጊዜ ሲዞር ልክ እንደዚህ ነው የሆነው። ሕዋ ላይ እንቅልፍ የተኛ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፣ ምድርን እየዞረ እንደዚያ የታመመ የመጀመሪያው ሰውም እሱ ነው። ሁለቱም በአንድ ጉዞ። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ተመልሼ ሳነበው ገጾቹ አሁንም ይረዝማሉ፣ ግን ልጁን ወደድኩት። የሚያፍር ልጅ ነው። ሌሎቹ እንዳያዩት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው ከረጢቱን የሚይዘው።

ስለ ፍቅሩ ብዙ አልልም። አንዲት ልጅ፣ ሁለት ወንዶች፣ የታወቀ ነው። ትልልቆቹ ሰለቸን ይላሉ፣ የ16 ዓመቶቹ ጎራ ለይተው ይከራከራሉ፣ የእህቴ ልጅ ደግሞ እነዚያን ገጾች እንደምትዘልላቸው ነግራኛለች።

ትልቁ ጦርነት መጨረሻው ላይ ነው።

ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ይቆጣል። አምስት ኮከብ የሰጠውም ይቆጣል። በር ተንኳኩቶ መጽሐፍ ያልቃል? አንዲት የሥራ ባልደረባዬ መጽሐፉን ሶፋው ላይ ወርውራ ለአንድ ሰዓት እንዳላነሳችው ነገረችኝ። ልጇ ደግሞ ከዚያ በላይ ጥሩ መጨረሻ አይቶ እንደማያውቅ ማለላት።

የኔ ሐሳብ እስካሁንም ያው ነው። የተከታታይ ታሪክ የመጀመሪያ መጽሐፍ ቢያንስ አንድ ነገር ቋጭቶ መሄድ አለበት። ሁሉንም ዝጋ አልልም። ልብ አንጠልጥሎ መተው የተለመደ ነው፣ ይሁን። ግን ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሌሊቱን አቃጥሎ፣ 400 ገጽ አብሮህ ሲጓዝ በእጁ የሚይዘው አንድ የተቋጨ ነገር ስጠው። አለበለዚያ ያነበበው መጽሐፍ ሳይሆን ለሚቀጥለው መጽሐፍ የተሠራ ማስታወቂያ ነው። ለልጆች ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ለኔ ሁለት ዓመት ምንም አይደለም፣ ሁለት ዓመት ቆይቼ ያንኑ መጽሐፍ ያቺው እኔ ሆኜ እቀጥላለሁ። 14 ዓመት የሆነች ልጅ ግን ሁለተኛው ሲመጣ ሌላ ሰው ሆና ነው የምትጠብቀው። ቁመቷ ሌላ፣ ጓደኞቿ ሌላ፣ የሚያስለቅሳት ነገር ሌላ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበበችው ልጅ ሁለተኛውን ላታገኘው ትችላለች።

ይሄን ሁሉ አብሰልስዬ፣ ክርክሬን ደርድሬ፣ ቅዳሜ እህቴ ቤት ሄድኩ። ልታረቃት፣ ደግሞም ልረታት።

በሩን ከፈተችልኝ። ሰላም አለችኝ፣ በአንድ ጉንጭ። ክፍሏ ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ስለ መጨረሻው ማውራት ጀመርኩ። ምንም የተቋጨ ነገር የለም አልኳት። አላስጨረሰችኝም። መጽሐፏን ከትራሷ ሥር አወጣችና አንድ ገጽ ገለጠች። ገጽ 371። "ይሄን አይተሻል?" አለችኝ።

እኔ በሁለተኛ ቅሬታዬ ያነሳሁት ቦታ ነው። ልጅቱ ከዘጠኝ ቀን ዝምታ በኋላ ለእናቷ መልእክት ትልካለች። ደራሲው በየመልእክቱ አናት ላይ ሰዓት ያስቀምጣል፣ የሚላክ ከሆነ የተላከበትን፣ የሚመጣ ከሆነ የደረሰበትን። የልጅቱ 14:10 ይላል። "ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር ትይኛለሽ?" ከዚያ አንድ ገጽ ያህል ትጠብቃለች። 14:31 ላይ የእናቷ መልእክት ይመጣል። እናቷ ስለ ይቅርታው ምንም አትልም። አልጋው ላይ ተትቶ ስለቀረ ሹራብ ታወራለች፣ ስለ ጣቢያው አምፖል ታወራለች፣ ከዚያ "በሩን ዘግቼብሽ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነበር" ትላለች። ልጅቱ ታነበዋለች፣ ትናደዳለች። እንደገና እንዳልሰማቻት ቆጥራ ስክሪኑን ታጠፋዋለች። 14:40 ላይ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ከዚያ በሩ ይንኳኳል።

እኔም እንደ ልጅቱ ነበር ያነበብኩት። ጥያቄ ተጠየቀች፣ ሌላ መለሰች። መሐንዲሱ ጓደኛዬም እንደዚያው። ያነጋገርኳቸው አዋቂዎች በሙሉ እንደዚያው።

የእህቴ ልጅ ገጹ ዳር ላይ በእርሳስ የጻፈችውን አሳየችኝ። ትንንሽ ቁጥሮች ናቸው፣ አንዱ ተሰርዞ እንደገና ተጽፏል። 14:10 ሲደመር 19፣ 14:29። 14:31 ሲቀነስ 19፣ 14:12።

መልእክት ከብርሃን በላይ አይፈጥንም። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከጨረቃ እዚህ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ በላይ ይበቃዋል፣ ከፀሐይ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በምድርና በማርስ መካከል እንደ ርቀታቸው ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። በመጽሐፉ ውስጥ ደግሞ ሦስት ምዕራፍ ቀደም ብሎ፣ ያ የሚያስመልሰው ልጅ ከጣቢያው 19 ደቂቃ ርቀናል ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ እኔ ጭራሽ አላስተዋልኩትም። 19 ደቂቃ ማለት ወደ 340 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው።

እንግዲህ የልጅቱ ይቅርታ እናቷ ጋ የሚደርሰው 14:29 ላይ ነው። 14:31 ላይ ልጅቱ የተቀበለችው መልእክት ግን ከእናቷ ዘንድ የተነሳው 14:12 ላይ ነው። እናቷ "ጥፋቱ የኔ ነበር" ስትል ገና ምንም አልሰማችም። መልስ አይደለም። ሁለቱ በሁለት ደቂቃ ልዩነት፣ አንዷ የሌላዋን ሳትጠብቅ፣ ያንኑ ቃል ላኩ። መልእክቶቹ ጨለማው መሃል ተላለፉ።

የእናቲቱ እውነተኛ መልስ ቢፈጥን 14:48 ላይ ነው የሚደርሰው። መስመሩ የተቆረጠው 14:40 ላይ።

ገጹን ይዤ ዝም አልኩ። ምን ልበል?

"ምንም የተቋጨ ነገር የለም አልሽ" አለችኝ። ድምፁ የቁጣ አልነበረም፣ ሲያዝንልኝ ነው የሚመስለው። "ታርቀዋል እኮ። እሷ ናት ያላወቀችው።"

"አንቺ መቼ ነው ያሰላሽው?"

"ሁለተኛ ሳነበው። መጀመሪያ እኔም ተናድጄ ነበር፣ እናቷ ላይ። ከዚያ ሰዓቱ ለምን ተጻፈ ብዬ አሰብኩ።"

እኔ ሁለተኛ አላነበብኩትም። አዋቂዎቹ አላነበብነውም። ምናልባት ልዩነታችን ከዕድሜ ይልቅ እሱ ይሆናል። እኛ የመጀመሪያውን መጽሐፍ የምናነበው በሩ ላይ ቆመን ነው፣ ሁለተኛው ያዋጣል አያዋጣም እያልን። እሷ ግን ገብታ ተቀምጣለች። ሌላ መጽሐፍ ስላልነበራት አይደለም። የሚቀጥለው እስኪመጣ የምትኖርበት ያ ብቻ ስለሆነ ነው፣ ያለውን አንዱን ደጋግማ ፈተሸችው።

ያንኑ ምሽት አስተያየቴን ከፍቼ ሁለተኛውን ቅሬታ አጠፋሁ። ደራሲው ተዘናግቷል ብዬ መጻፌ ነው ያሳፈረኝ፤ የተዘናጋሁት እኔ ነኝ። በቦታው ስለ ሰዓቶቹ ጻፍኩ፣ ስሌቱን ሳልነግር፣ "የመልእክቶቹን ሰዓት ተመልከቱ" ብዬ ብቻ። ድምፅ በባዶ ሕዋ ስለመሰማቱና ስለ 40 ሰከንዱ ግን ጨመርኩበት፣ እሱ እውነት ነውና። ደቂቃን እንዲህ የሚጠነቅቅ ደራሲ እዚያ ጋ መሳቱ ይበልጥ ያስቆጫል። ስለ በሩ የጻፍኩትን አልነካሁም። ልጆቹ ምን እንደሚሆኑ፣ መንኮራኩሩ እንደሚተርፍ፣ ማን እንዳንኳኳ፣ ይሄ ሁሉ ተንጠልጥሏል፣ ከዚህ ውስጥ አንዱ እንኳን መቋጨት ነበረበት እላለሁ። ኮከቡ አራት ሆነ። ለመሐንዲሱ ጓደኛዬም ገጹን ነገርኩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መለሰልኝ፣ "19ን ሁለት ጊዜ አስልቼዋለሁ፣ ልክ ናት" ብሎ።

ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቄያታለሁ። ሁለተኛው መጽሐፍ የሚወጣው ከዓመት ተኩል በኋላ ነው ተብሏል። ታሪኩ ደግሞ ካቆመበት ደቂቃ፣ ከበሩ ላይ ነው የሚቀጥለው። እስከዚያ አያስጠላሽም ወይ፣ አልኳት። ያኔ ሌላ ነገር ወድደሽ ብትገኚስ?

መጽሐፉን ትራሷ ሥር እየመለሰች አሰበች። በጣቷ ወራቱን ቆጠረች።

"ያኔ እኔ 16 ይሆነኛል" አለች። "እሷ አሁንም 15 ናት። ታላቋ እኔ ነኝ። ስለ እናቷ እነግራታለሁ።"